እማዬ፣ እጅሽ አልከዳሽም

እማዬ፣

እንደምን አለሽ? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነ? ባለፈው እሑድ በስልክ ያልሽኝ ነገር ሳምንቱን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም። «ቱሊፑ ቅጠል ብቻ አውጥቶ ቀረ፤ አርጅቻለሁ መሰለኝ፣ እጄም ከዳኝ» አልሽኝ። ስልክ ላይ ቶሎ ቶሎ ስለምናወራ መልስ ሳልሰጥሽ ወደ ሌላ ወሬ ሄድን። ከዘጋሁት በኋላ ነው የከነከነኝ። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ አልኩ። እጅሽ አልከዳሽም እማዬ። የጎደለው ብርድ ነው።

የላክሽልኝን ፎቶ ደጋግሜ አየሁት። ቅጠሉ ወፍራም ነው፣ አረንጓዴ ነው፣ በሽታ የሚባል ነገር አይታይበትም። አጉልቼ ሳየው ግን ከቅጠሎቹ መሀል፣ ወደ ታች፣ የደረቀች ቡናማ ነገር አለች። እምቡጧ እሷ ናት። አበባው ሳይኖር ቀርቶ አይደለም። ነበረ፣ መውጣት አቅቶት ነው።

ይሄ በምን ታወቀ እንዳትዪኝ፣ አይቼዋለሁ። አምና ብርዱ ሊገባ ሲል የምተክላቸውን የቱሊፕ ሥሮች ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ሳለ አንዱን በቢላ ከላይ ወደ ታች ለሁለት ከፈልኩት። ሆዴ እየባባ ነው የከፈልኩት። ልክ እንደ ቀይ ሽንኩርት ድርብርብ ነው፤ ውስጡ ነጭ፣ እርጥብ፣ ጣት ላይ ትንሽ የሚያዳልጥ። መሀሉ ላይ ግን አበባዋ ተሠርታ ተቀምጣለች! የስንዴ ፍሬ ብታክል ነው። በማጉያ መነጽር ሳያት ስድስቱ የአበባ ቅጠሎቿ ተጣጥፈው፣ በውስጣቸው ደግሞ የአበባ ዱቄት ተሸካሚዎቿ ተደርድረው፣ ሁሉም ነገር በቦታው ነው። ቀለም ብቻ ነው የቀራት። በጋውን ሙሉ «ተኝቷል» የምንለው ሥር ለካ ዝም ብሎ አልተኛም፣ አበባውን እየሠራ ነው።

ስለዚህ አንቺ አፈር ውስጥ ያስገባሻቸው ጊዜ አበቦቹ ውስጣቸው ነበሩ። አገዳቸው ነው ያልተሳበው። የቱሊፕ አገዳ እንዲረዝም ሥሩ ከ12 እስከ 16 ሳምንት ያህል ከ9 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች መቆየት አለበት። ይህ ሳይሞላ ሙቀት ካገኘ ቅጠሉን ይልካል፣ እምቡጡ ግን እዚያው ቅጠሎቹ መሀል ታፍኖ ይደርቃል። ወይም ካበበም ከመሬት ሳይነሳ አጭር ሆኖ ይቀራል። በሞቃት አገር የሚሸጥ ሰው ይህን ሊነግርሽ ይገባ ነበር። እሱ ዝም አለ፣ አንቺ ጥፋቱን ወደ ራስሽ ወሰድሽ። ያናደደኝ ይሄ ነው።

ለምን ብርድ ይፈልጋል ካልሽ፣ የትውልድ ቦታው ነው ያስተማረው። ሰው ሁሉ የሆላንድ አበባ ይለዋል እንጂ ቱሊፕ መነሻው መካከለኛው እስያ ነው፣ እነ ቲየን ሻን ተራሮች። በጋው ደረቅና የሚያቃጥል፣ ክረምቱ አጥንት የሚሰብር። ከዚያ በቱርኮች በኩል አልፎ ነው ወደ ምዕራብ የመጣው፤ ካሮሉስ ክሉሲየስ የተባለው የዕፅዋት ሊቅ ላይደን በምትባል የሆላንድ ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1593 ተክሎ በቀጣዩ ዓመት በ1594 አበበለት። እንግዲህ እዚያ ተራራ ላይ ቀዝቃዛው ወቅት መሀል ድንገት ሁለት ሦስት ሞቃት ቀን ይመጣል። ያኔ ተታሎ ብቅ ያለ አበባ በማግስቱ ውርጭ ይበላዋል። ስለዚህ ሥሩ ብርዱን ይቆጥራል። ሳምንቱ ካልሞላ አያምንም። እኔ ይሄን ሳውቅ በጣም ነው የወደድኩት።

እኔ ያለሁበት ደግሞ ብርድ ሞልቷል። ፎቶ ልላክልሽ ነበር ግን ፎቶ አይበቃም፣ ልንገርሽ።

መጀመሪያ የምትመጣው ስኖውድሮፕ ናት፤ የበረዶ ጠብታ እንደማለት ነው። ጥር መጨረሻ ላይ፣ በረዶው ገና ሳይሄድ። የቅጠሎቿ ጫፍ ጠንከር ያለ ስለሆነ በውርጭ የጠነከረውን አፈር ሰንጥቆ ይወጣል። ቁመቷ ጣትሽን አይበልጥም፣ አንገቷን የደፋች ነጭ አበባ ናት፣ ከውስጥ በኩል ትንሽ አረንጓዴ ምልክት አለባት። የመጀመሪያው ዓመት አንድ ቀን ጠዋት ወጥቼ ሳይ ሁሉም መሬት ላይ ተዘርረዋል። ውርጭ የመታቸው። አለቀላቸው ብዬ አዘንኩ። እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ወጣ ስትል ተመልሼ ባይ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ለካ ሲበርድ እንዲህ ነው የሚያደርጉት፤ ይተኛሉ፣ ሲቀልጥ ይነሳሉ። ደግሞ ከዚህች አበባ ወገን ጋላንታሚን የሚባል ነገር ተገኝቶ ዛሬ ለመርሳት በሽታ ሐኪሞች የሚያዙት መድኃኒት ሆኗል። (ሥሯ ግን መርዝ ነው፣ በቤት የሚሞከር አይደለም።) ይሄን ሳነብ አንቺ ትዝ አልሽኝ። ቁልፍ የት እንዳስቀመጥኩ ይጠፋኛል እያልሽ ትጨነቂያለሽ፤ ግን የትኛውን ተክል በየትኛው ዓመት እንደተከልሽ፣ ችግኙን ማን እንደሰጠሽ ሳይቀር አንድ በአንድ ትነግሪኛለሽ።

ከእሷ ቀጥሎ ክሮከስ ነው። ሐምራዊ አለ፣ ቢጫ አለ፣ ነጭ አለ። እንደ ትንሽ ዋንጫ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ብታይው እንደ ጃንጥላ ተጠቅልሏል። ፀሐይ ስታገኘው አምስት ሰዓት ላይ ወለል ብሎ ይከፈታል፣ ደመና ሲሆን ደግሞ መልሶ ይዘጋል። የሚከፍተው ሙቀት ነው፤ ሲሞቅ የአበባው ቅጠል በውስጥ በኩል ያለው ጎን ከውጪው ፈጥኖ ስለሚያድግ ወደ ውጪ ይለጠጣል። ባለፈው ሳምንት ተንበርክኬ እያየሁ ሳለ አንዲት ትልቅ ጸጉራም ንብ እየተንገዳገደች መጥታ ውስጡ ገባች። ከዚህ ዓይነቷ ንብ በዚህ ወቅት የምትታየው ንግሥቲቱ ብቻ ናት፣ ሌሎቹ ብርዱን አያልፉም። ብርቱካን መልክ ባለው ዱቄት ሆዷና እግሯ ተለውሶ ስትወጣ አየኋት። በዚያን ሰዓት ግቢው ውስጥ ሌላ የምትበላው አበባ አልነበረም። ክሮከስ በብዛት መትከል የጀመርኩት ለእሷ ብዬ ነው ማለት ይቻላል።

ከዚያ መጋቢት ላይ ዳፎዲል ቢጫውን ይዞ ይመጣል፣ ሃያሲንት በመዓዛው ቤቱን ያውዳል፣ በመጨረሻ ሚያዝያ ላይ ቱሊፕ። ዳፎዲልን እንስሳ አይነካውም፣ መራራና መርዛማ ስለሆነ። ቱሊፕን ግን ሽኮኮ መሳይ እንስሳት ቆፍረው ይጨርሱታል። አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ዳፎዲል ቆርጠሽ ከሌላ አበባ ጋር አንድ ማሰሮ ውስጥ አትክተቺ። ከአገዳው የሚወጣው ፈሳሽ ሌሎቹን ያጠወልጋል።

አሁን ወደ አንቺ ግቢ ልመለስ።

ያንቺ አበቦችም ይቆጥራሉ፣ የሚቆጥሩት ግን ሌላ ነገር ነው። ብርድ በሌለበት አብዛኛው ተክል የሚጠብቀው ደረቁን ወቅትና ዝናቡን ነው። ቡጋንቪሊያሽን ተመልከቺው። ዘንድሮ ቅጠል ብቻ ሆነ ብለሽኛል፣ ውኃም በየቀኑ እንደምታጠጪው ነግረሽኛል። እሱ የሚያብበው ትንሽ ሲጠማ ነው። አፈሩ ደረቅ እስኪል ተዪው፣ ከዚያ አጠጪው፣ እንደገና ተዪው። ደግሞ ይሄን ቀረብ ብለሽ እዪው፤ ያ ቀዩ ወረቀት መሳይ ነገር አበባው አይደለም። ቀለም ያለው ቅጠል ነው። ሦስቱን ወረቀቶች ገለጥ አድርጊያቸው፣ መሀላቸው ላይ ሦስት ቀጫጭን ቱቦ የሚመስሉ፣ ጫፋቸው ነጣ ያለ ነገሮች አሉ። አበባው እነሱ ናቸው። ስንት ዓመት አጠገቡ ቁጭ ብለን ቡና ጠጣን፣ እኔ እስካሁን አላየሁም ነበር።

ጥላው ሥር ላለው ቦታ ክላይቪያ ነው የምመክርሽ። ከደቡብ አፍሪካ ነው፣ ብርቱካንማ ነው፣ ቀጥታ ፀሐይ አይወድም፣ ውርጭም አይችልም። ቀዝቀዝ በሚለው ወቅት ለሁለት ወር ያህል ውኃውን ከቀነስሽለት እምቡጥ ያወጣል። ፍሪዢያም የዚያው አገር ልጅ ነው፣ ሽታው ከሁሉም ይበልጥብኛል። አኒሞንና ራነንኩለስ የሚባሉትም ሞቃት አገር ላይ ይሆናሉ፤ ሥራቸው የደረቀ ቅርፊት መስሎ ነው የሚሸጠው፣ ተበላሽቷል ብለሽ እንዳትጥዪው። ለጥቂት ሰዓት ውኃ ውስጥ ስታስቀምጪው ያብጣል፣ ከዚያ ይተከላል።

ከሁሉም በላይ ግን የወረቀት ነጭ የሚባለውን ናርሲሰስ እንድትሞክሪ ነው የምፈልገው። የዳፎዲል ዘመድ ነው፣ ግን የሜድትራንያን ባሕር አካባቢ ስለሆነ ብርድ አይጠይቅም። አፈርም አይጠይቅም! ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ጠጠር ታደርጊያለሽ፣ ሥሩን ጠጠሩ ላይ ጫፉ ወደ ላይ ሆኖ ታስቀምጪዋለሽ፣ ውኃው የሥሩን ታች ብቻ እንዲነካ ታደርጊያለሽ። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ያብባል። ጎንበስ ማለት የለም፣ መቆፈር የለም፣ መስኮት አጠገብ ወንበርሽ ላይ ቁጭ ብለሽ ታዪዋለሽ። ሽታው ኃይለኛ ነው፣ ከበዛብሽ በረንዳ ላይ አውጪው።

ይሄን ስልሽ ቱሊፑን ተዪ ማለቴ አይደለም። እንደምትፈልጊው አውቃለሁ። ከዚህ ልልክልሽ አስቤ ነበር፣ ግን ተክል ድንበር ሲሻገር የጤና ምስክር ወረቀት ይጠየቃል፣ ትክክልም ነው፣ በሽታ ይዞ እንዳይሄድ። እዚያው ጠንካራ፣ ሲጫኑት የማይለሰልስ ሥር ምረጪ። ፍሪጅ ውስጥ 12 ሳምንት አቆዪው፤ ፍሪዘር ውስጥ አይደለም፣ አትክልት የምታስቀምጪበት ቦታ። ከዚያ በዓመቱ በጣም ቀዝቃዛ በሆነው ወር፣ ከፍሪጅ እንዳወጣሽው በዚያው ቀን ትተክይዋለሽ። ጥልቀቱ የሥሩን ቁመት ሦስት እጥፍ ያህል ይሁን፣ የጠዋት ፀሐይ ያግኝ፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ። እና እባክሽ መሬት ላይ አትትከዪው። ጥልቅ የሆነ ማሰሮ አግዳሚው ላይ አስቀምጪና ቆመሽ ትከዪ። ጉልበትሽ ለዚህ መከፈል የለበትም።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ልንገርሽ፣ ኋላ እንዳታዝኚ። ያንቺ አገር ላይ ቱሊፕ አንዴ ነው የሚያብበው። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ መግዛት ነው። በሞቃት ቦታ ያለ ሰው ሁሉ እንዲሁ ነው የሚያደርገው፣ የትኛውም ጎበዝ አትክልተኛ ቢሆን።

ፍሪጁን በተመለከተ ሁለት ነገር አትርሺ። ከሥሩ አጠገብ ፖምም ሆነ ሌላ የበሰለ ፍራፍሬ አታስቀምጪ። ፍራፍሬ ሲበስል የሚያወጣው ጋዝ ያቺን የስንዴ ፍሬ የምታክል አበባ ውስጧ እንዳለች ይገድላታል። ሁለተኛ፣ ሥሩን በወረቀት ከረጢት አድርጊና ላዩ ላይ በትልቁ «አበባ ነው፣ አይበላም» ብለሽ ጻፊበት፣ የገባበትንም ቀን አብረሽ ጻፊ። ሽንኩርት መስሎት የሚከትፈው ሰው እንዳይኖር። 12 ሳምንቱን እኔም እዚህ ቀን መቁጠሪያዬ ላይ እይዘዋለሁ፤ የገባበትን ቀን ብቻ እሑድ ስንደዋወል ንገሪኝ።

ልጅሽ