ለሰይድ፦ ስለ ጋዝ መኪናህ

ኮምቦልቻ

ወዳጄ ሰይድ፣

እንደምን ከርመሃል? ቤተሰቡ፣ ከብቱ፣ አዝመራው ሰላም ነው? ይህን ያህል ጊዜ ድምፄን ማጥፋቴ ከመርሳት አይደለም፤ ወቀሳውን ስንገናኝ ታደርሰኛለህ። አሮጌውን ላንድክሩዘር በቡታ ጋዝ እንዲሄድ አስገጥመህ ለሐርቡው እርሻ ልታውለው ነው ሲሉኝ ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም።

መኪናው የቤንዚን መሆኑ በጀህ፤ የናፍጣ ሞተር ካንዴላ (ነዳጁን የሚያቀጣጥል ብልጭታ ሰጪ) ስለሌለው እንዲህ በቀላሉ አይቀየርም። ቢሆንም ከጋራዡ በፊት ጋዝ ሻጩ ጋ ሂድ። የመኪና ሳልባትዮ (የነዳጅ ማጠራቀሚያ) በቋሚነት የሚሞላልህ ከሌለ ነገሩን ተወው። «የማድቤት ሲሊንደር እናስርበታለን» የሚል ባለሙያ ካጋጠመህማ ቁልፍህን ተቀብለህ ውጣ። የማድቤቱ ከላይ የሚሰጠው ተን ነው፤ የመኪናው ከታች ፈሳሹን ይልካል፣ ሲሞላም 80 በመቶ ላይ ራሱ የሚዘጋ ቫልቭ አለው። የተረፈው ቦታ ፈሳሹ በሙቀት ሲያብጥ የሚሄድበት ነው። እናም ባለ 80 ሊትሩ የሚይዝልህ 64 ሊትር ነው። በቤንዚን ለ100 ኪሎ ሜትር 20 ሊትር የሚጠጣ ሞተር በጋዝ ወደ 25 ይፈልጋል፤ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስኬድሃል፣ ጭቃ ውስጥ በከባድ ማርሽ ሲሆን ከዚያም በታች። የሊትሩን ዋጋ ብቻ አይተህ አትደሰት።

የጋዝ መኪና ሲያስቸግር ሰው ሁሉ ጋዙን ይጠረጥራል። እኔ መጀመሪያ ውሃውን፣ ቀጥሎ ካንዴላውን እይ ነው የምልህ። ፈሳሹ ወደ ተን የሚለወጠው ሞተሩ አጠገብ በሚታሰረው ሬጉሌተር ውስጥ ነው፤ ሲለወጥ ሙቀት ይስባል፣ ሙቀቱን የሚያገኘው ደግሞ ከራዲያተሩ ውሃ ነው። ውሃው ከጎደለ ሬጉሌተሩ በነጭ አመዳይ ይሸፈናል፣ ጋዙ ሳይተን ያልፋል፣ ሞተሩ ታንቆ ይጠፋል። ይህ የሚሆነው ደግሞ ጭነህ የደሴን መንገድ ዳገት፣ ሐረጎን ስትወጣ እንጂ በር ላይ ቆመህ አይደለም። ኮፈኑን ክፈትና ወደ ሬጉሌተሩ የሚገባውንና የሚወጣውን የውሃ ጎማ ዳስስ። ሞተሩ ሞቆ አንዱ ትኩስ፣ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ መስመሩ አየር ይዟል ወይም ተደፍኗል። ሬጉሌተሩን ከራዲያተሩ አፍ ዝቅ አድርገው ይሰሩት፤ ከፍ ካለ አየሩ እዚያው ይጠራቀማል። ቴርሞስታት (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን ከራዲያተሩ የሚያግደውን) ነቅለው የሚጥሉ አሉ፤ በደሴ ብርድ በጋዝ ለሚሄድ መኪና እንዲያ ማድረግ በሽታ መግዛት ነው። ከሬጉሌተሩ ሥር ያለውን ብሎን ደግሞ አልፎ አልፎ ሞተሩ ሞቆ ከጠፋ በኋላ፣ ጋዙ ከሳልባትዮው ተዘግቶ፣ ፈትተህ የተጠራቀመውን ጥቁር ቅባት አፍስስ።

ጠዋት በቤንዚን አስነሳ። የሙቀት መርፌው ሲነሳ የነዳጅ መቀየሪያውን ማብሪያ መሐል ላይ፣ ሁለቱም ነዳጅ በሚዘጋበት አድርግና ካርቡሬተሩ (ቤንዚኑን ከአየር የሚያደባልቀው) ውስጥ የቀረው ቤንዚን እስኪያልቅ ጠብቅ፤ ሞተሩ መንገዳገድ ሲጀምር ወደ ጋዝ ግፋው። መሐሉን ከዘለልክ ሁለቱ ነዳጅ ተደራርቦ ያፍነዋል። በየሳምንቱም ጥቂት በቤንዚን ንዳው፣ የካርቡሬተሩ ላስቲኮች እንዳይደርቁ።

ጋዝ ከቤንዚን የበረታ ብልጭታ ይፈልጋል። የካንዴላውን ክፍተት ወደ 0.7 ሚሊ ሜትር አጥብብ፣ የተሰነጠቀ የካንዴላ ገመድም አትታገስ። ብልጭታው ከሰነፈ እሳቱ ወደ ኋላ ተመልሶ የአየር ፊልትሮው ሳጥን ውስጥ ይፈነዳል፤ ክዳኑን ሲያስፈነጥረው ጥይት የተተኮሰ ይመስላል።

የቫልቮላው (የሲሊንደሩ መግቢያና መውጫ መዝጊያ) ነገር ያሳስበኛል። ጋዝ ደረቅ ነው፣ የአሮጌ ሞተር የቫልቮላ መቀመጫ ደግሞ ለስላሳ ብረት ነው፤ እየተበላ ሲሄድ ቫልቮላው ይሰምጥና በእሱና በሚገፋው ብረት መካከል ያለው ክፍተት ይጠባል። የሚያታልለው ድምፁ ነው፦ ቀድሞ ያንኳኳ የነበረው ሞተር ጸጥ ሲል ባለቤቱ ዳነ ይላል። ክፍተቱ ጨርሶ ሲጠፋ ቫልቮላው መዝጋት ያቅተውና ይቃጠላል። በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ አስለካ። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ከወረደ ጠንካራ መቀመጫ አስገባበት።

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ ናቸው፣ ሐርቡ ከዚያም ዝቅ ይላል። ወደ ላይ ስትወጣ አየሩ ይሳሳል፣ ድብልቁም ጋዝ ይበዛበታል። ስለዚህ የድብልቁ ማስተካከያ ብዙ በሚሠራበት ቦታ፣ እርሻው ላይ ይደረግ።

ሳልባትዮው ኋላ ጭነቱ ጋ በብረት ቀበቶ ከሻንሲው ጋር ይታሰር፤ ከሥር ከሆነ ድንጋይ ያገኘዋል። የመዳብ ቧንቧውን በየግማሽ ሜትሩ ያጥብቁት፣ ሳልባትዮው አጠገብ አንድ ዙር ይጠቅልሉት፣ መንቀጥቀጡ እንዳይሰብረው። መጋጠሚያዎቹን በሳሙና አረፋ ፈትሽ፣ በክብሪት በጭራሽ። ጋዙ ከአየር ይከብዳል፤ ቢያፈስ ጉድጓድና ዝቅ ያለ ቦታ ይተኛል፣ ስለዚህ በተዘጋ ጎተራ አታሳድረው። ማሽላ ሲገባ አይጥ የላስቲክ ቱቦ ይበላል፣ እሱንም እይ። መኪናው ላይ ብየዳ ካለ ሳልባትዮው ይውረድ።

ይህን ሁሉ ከማድረግህ በፊት ግን የሞተሩን የስድስቱንም ሲሊንደር ጭመቃ (የመጭመቅ ኃይል) አስለካ። ተቀራራቢ ካልሆኑ ገንዘቡን መጀመሪያ ለሞተሩ አውለው። ቁጥሮቹን ጽፈህ ላክልኝ፤ አብሽር፣ የቀረውን አይተን እንወስናለን። እናትህን ሰላም በልልኝ።

ወዳጅህ