ለአዘጋጁ፦ ግራጫና ቤዥ በጋዜጣ ምስል አይመረጥም

ሰላም ለናንተ ይሁን። የቤት ዓምዳችሁን ሁሌም አነባለሁ፣ እወደዋለሁም። ቅሬታዬ አንድ ነገር ላይ ነው። ስለ ግድግዳ ቀለም ስትጽፉ የሚመሳሰሉ ፈዛዛ ቀለሞችን በትንንሽ አራት ማዕዘን ትደረድሩና "ለሳሎን ይሄኛው፣ ለመኝታ ቤት ያኛው" ትላላችሁ። ደማቅ ቀይ ወይም አረንጓዴ ቢሆን ብዙም አልከራከርም። ግራጫን ከቤዥ (ከፈዛዛ ቡናማ)፣ ቤዥን ከኦፍ ዋይት (ድፍን ነጭ ካልሆነ ነጣ ያለ ቀለም) በዚህ መንገድ ማስመረጥ ግን ሰውን ማሳሳት ነው። ሥራዬ ቤት መቀባት ስለሆነ መጨረሻውን የማየው ግድግዳው ላይ ነው። ባለቤቶቹ ይገባሉ፣ ቆም ብለው ያያሉ፣ ከዚያ "ይሄ እኮ እኛ የመረጥነው አይደለም፣ ሰማያዊ ሆነብን" ይላሉ። ጣሳው ላይ ያለው ቁጥር ግን ራሳቸው የመረጡት ነው። ገንዘባቸውን አውጥተው እንዲህ ቅር ሲላቸው ማየት ያሳዝናል።

እስቲ በመጀመሪያ ወረቀቱን ራሱን እዩት። የጋዜጣ ወረቀት ነጭ አይደለም፤ ትንሽ ወደ ግራጫ፣ ትንሽ ወደ ቢጫ ያደላል። በላዩ ላይ የሚታተመው ምስል ደግሞ የሳያን (የአረንጓዴማ ሰማያዊ)፣ የማጀንታ (የሐምራዊማ ቀይ)፣ የቢጫና የጥቁር ጥቃቅን ነጠብጣቦች ስብስብ ነው። በነጠብጣቦቹ መሃል ወረቀቱ ይታያል። እንግዲህ በራሱ ደብዛዛ የሆነ ወረቀት ሁለት ደብዛዛ ቀለሞችን እንዴት ለይቶ ያሳያል? ስልክም ቢሆን አያስተማምንም፣ የስክሪኑ አቀማመጥ ሲቀየር የምታዩት ቀለም አብሮ ይቀየራል።

ምሳሌ ልስጥ። የአሜሪካው ቀለም አምራች ሸርዊን ዊሊያምስ ሁለት የታወቁ ግራጫዎች አሉት፤ አግሪኤብል ግሬይ እና ሪፖዝ ግሬይ። ቀለም ብርሃን የሚመልስበት መጠን የሚለካው ከ0 እስከ 100 ነው፣ 0 ድፍን ጥቁር፣ 100 ንጹህ ነጭ። የመጀመሪያው 60 ነው፣ ሁለተኛው 58። በስክሪን ቁጥር ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊው ለመጀመሪያው 209፣ 203፣ 193 ሲሆን ለሁለተኛው 204፣ 201፣ 192 ነው። ልዩነቱን ቀንሳችሁ እዩት፤ አምስት፣ ሁለት፣ አንድ። ለየብቻ ያያቸው ሰው ይሄ ከዚያ ይለያል ብሎ አይምልም። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን የመጀመሪያው ወደ ቤዥ ሞቅ ያለ ነው፣ ሁለተኛው ቀዝቀዝ ይላል። ክፍሉን ሙሉ ሲቀባማ ልዩነቱ ይበልጥ ይታወቃል፣ ምክንያቱም አራቱ ግድግዳዎች ብርሃኑን እርስ በርስ ሲቀባበሉት የቀለሙ ማድላት እየበረታ ይሄዳል።

ይህ የሚሆነው ከአሠራሩ ነው። ፈዛዛ ቀለም ነጭ መሠረት ላይ ማቅለሚያ ጠብ ጠብ እየተደረገበት የሚዘጋጅ ነው። ነጩ ውስጥ ጥቁር ብቻ ከገባ ወደ ሰማያዊ ያደላል። አፈርማ ቢጫ ሲጨመርበት ይሞቃል፣ ቀይ ጠብ ካለበት ሮዝነት ይመጣል። በደማቅ ቀለም ውስጥ እንዲህ ያለች ጠብታ ትዋጣለች። በፈዛዛው ግን የሚሸፍናት ስለሌለ ብርሃን ሲመቻት ብቅ ትላለች።

ጎረቤት ቀለም የሚያመጣው ጣጣ ደግሞ የቆየ ነገር ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ዩጂን ሼቭረል በፓሪስ ጎብላን፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀሉ ሥዕላዊ ጨርቆች በሚሸመኑበት ፋብሪካ፣ የማቅለሚያ ክፍሉ ኃላፊ ነበር። ጥቁሩ ክር ደከመ የሚል አቤቱታ ይመጣበታል። ሲመረምረው ማቅለሚያው ምንም አልሆነም፤ ጥቁሩን ያደከመው አጠገቡ የተሸመነው ቀለም ነው። ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ1839 አሳተመው። እኛ ግን እስከ ዛሬ አዲሱን ግራጫ አሮጌው ቢጫ ግድግዳ ላይ በመዳፍ ስፋት እንቀባና "ይሄማ ሰማያዊ ነው" ብለን እንጥለዋለን።

ለደንበኞቼ የምለው ይህን ነው። ናሙናውን ግድግዳው ላይ አትቀቡት። ትልልቅ ነጭ ካርቶን ውሰዱና እያንዳንዱን ቀለም ሁለት እጅ ቀቡበት፣ ዙሪያውን ጠባብ ነጭ ጠርዝ ተዉለት። እስኪደርቅ ጠብቁ፤ በውሃ የሚቀጥን ቀለም እርጥብ ሳለ ነጣ ብሎ ይታይና ሲደርቅ ብዙውን ጊዜ ይጠቁራል። ከዚያ ካርቶኖቹን አጠገብ ለአጠገብ አቁሟቸው። አንዱን ግራጫ ብቻ ስታዩ ግራጫ ነው፣ ሌላ ግራጫ ሲመጣበት ነው አረንጓዴነቱ ወይም ሐምራዊነቱ የሚጋለጠው። ወደ መስኮቱ አዙሯቸው፣ ወደ ጨለማው ጥግ ውሰዷቸው፣ ከወለሉና ከመጋረጃው ጋር አስተያዩዋቸው። ጠዋት እዩ፣ ቀትር ላይ እዩ፣ ማታ አምፖል አብርታችሁ እዩ። ማታውን አትዝለሉት፣ ብዙ ሰው ሳሎኑ ውስጥ የሚቀመጠው ማታ ነው።

አምፖል ካነሳን፣ ከቀለሙ በፊት እሱን ወስኑ። የአምፖል ብርሃን ቀለም የሚለካው በኬልቪን ነው። 2700 ኬልቪን የሆነ አምፖል ቢጫማ ብርሃን ይሰጣል፣ ቤዡን ያደምቀዋል። 6500 የሆነው ሰማያዊማ ስለሆነ ያንኑ ቤዥ ያቀዘቅዘዋል። በቀን ብርሃን አንድ የሚመስሉ ሁለት ቀለሞች በአምፖል ሥር የሚለያዩበት ጊዜም አለ፤ የተሠሩበት ማቅለሚያ የተለያየ ከሆነ እንዲህ ይሆናል። አንድ ቁጥር ያለው ቀለም እንኳ በማት (በማያብለጨልጨው) እና በሳቲን (ትንሽ በሚያብለጨልጨው) ሲቀባ እኩል አይታይም፣ ስለዚህ ናሙናው መጨረሻ ላይ በሚቀባው ዓይነት ይሁን።

ዓምዱን አቁሙ እያልኩ አይደለም። የምጠይቀው ስትጽፉ እንድትሞሉት ነው። ቀለሙ ወደ ምን እንደሚያደላ ንገሩን። ብርሃን የመመለሻ ቁጥሩን ጻፉ፣ ቁጥሩ ቢያንስ የቱ እንደሚጠቁር ያሳውቃል፣ ወረቀት ላይም አይበላሽም። ቦታ ከጠበባችሁ ከምስሎቹ አንዱን ብቻ አስቀሩ። በቀረው ምስል ሥር ፎቶው በቀን ይሁን በአምፖል የተነሳ፣ በአምፖል ከሆነም ስንት ኬልቪን እንደነበረ በአንድ መስመር ብታክሉልን ደንበኞቼ ዓምዳችሁን ይዘው ሲመጡ ከየት እንደምንጀምር እናውቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ ቀለም ቀቢ