ባትሪ ድንጋይ ስንወቅጥ

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? ሁለት ዓመት ዝም ማለቴን፣ አንተም ዝም ስላልክ፣ እናቻችለው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የደብረ ብርሃን ብርድም ደህና ነው፤ ዘንድሮም ጋቢ አላስወለቀንም።

ያስታወሰኝ ልጄ ነው። ቅዳሜ ከሱቅ ስመለስ ከቤቱ ጀርባ ጥቁር ጭስ ይንቦለቦላል። ብሮጥ ልጄና የጎረቤት ልጆች እሳት ላይ ሽቦ ጥለው እየሞቁ ነው። ላስቲኩ ሲያልቅ መዳቡን ለቆራሌው ሊሸጡ! ሽቦው የኔው ነው። «አንድ ቀን ይጠቅማል» እያልኩ ከጓሮ የቆለልኩት፣ የሞተ ቻርጀር፣ ሬዲዮ፣ ምኑ ቅጡ።

ቀበቶዬን ልፈታ ስል አንተ ትዝ አልከኝ። የክፍላችንን ሰሌዳ ለማጥቆር ባትሪ ድንጋይ ሰብረን ስንወቅጥ፣ አፍንጫችን ከሰል መስሎ ስንሳሳቅ። ለካ ያ ጥቁር ዱቄት ማንጋኒዝ ነበረበት። ብናኙን ለረጅም ጊዜ የማገ ሰው ነርቩ ይጎዳል። እኛን ማንም አልገረፈንም፤ እንዲያውም መምህሩ አመሰገኑን።

ልጁን ተውኩት። የሽቦው ልባስ ግን ክሎሪን ስላለበት ሜዳ ላይ ሲነድ ዳይኦክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል፤ ካንሰር አምጪ ነው። በኖ አይቀርም። ሳር ላይ ያርፋል፣ ላም ትግጠዋለች፣ ከወተቱ ቅባት ጋር ቤት ይገባል። እዚህ ደግሞ ላም የሌለው ማን አለ?

እኔም ጉደኛ ነኝ። ሞባይል ስበይድ የምጠቀምበት ቆርቆሮ ከመቶ 40 ያህሉ እርሳስ ነው፤ ሊድ የሚሉት። በዚያው እጄ ስንቴ ልጄን አጉርሻለሁ! ለልጅ አእምሮ ደግሞ ትንሹም ትንሽ አይባልም።

እ.ኤ.አ. በ2022 ዓለም የጣለው የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ 62 ሚሊዮን ቶን ነበር አሉ። በወጉ ተሰብስቦ መልሶ ጥቅም ላይ መዋሉ የተመዘገበው ሩቡም አይሞላም። የኔ ክምር ከዚያ ውስጥ እፍኝ አይሆንም። ልጄ የሞቀው ግን የኔኑ ነው።

አሁን ሁሉንም በማዳበሪያ ከረጢት አስሬ ቆልፌበታለሁ። የእናትህን ሆዳም ቴሌቪዥንም ወስጄዋለሁ፤ መስታወቱ ውስጥ ያለው እርሳስ በኪሎ ነው የሚቆጠረው፣ ልጆቹ በድንጋይ ሊሉት ሲሉ ደረስኩ። እሳቸው ግን «ልጄ የገዛልኝን ወሰድክብኝ» ብለው አኩርፈውኛል። ደውልና አስታርቀን።

አዲስ አበባ የሚረከብ ካለ አጠያይቅልኝ። ለፋሲካ ስትመጣ የመኪናህን ኋላ ባዶ አድርገህ ና።

ያው ጓደኛህ