ዋስትና በኪስ ልክ ሲሆን

ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት

ክቡር ፕሬዚዳንት፣

ስለ አንድ የቆየ አንቀጽ ነው የምጽፍልዎ። በ1954 የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 69። የዋስትናው ገንዘብ ሲወሰን የክሱ ክብደት ብቻ ሳይሆን የተከሳሹና የዋሶቹ አቅምም ይታይ ይላል። ችሎት ገብቼ ባየኋቸው ጉዳዮች ግን «ሥራህ ምንድን ነው? በወር ስንት ታገኛለህ?» ብሎ የጠየቀ ዳኛ አላጋጠመኝም።

አንድ ጠዋት ሁለት ሰዎች ተከታትለው ቀረቡ። አንዱ መኪና ነጋዴ፣ ሌላው ዕቃ ተሸካሚ። ሁለቱም ላይ 20 ሺህ ብር ተወሰነ። የነጋዴው ወንድም እዚያው ስልኩን አወጣ፤ ከምሳ በኋላ ሰውዬው ቤቱ ነበር። የተሸካሚው እናት ጉሊት ነው የሚሸጡት። ካርታ የለ፣ ሊብሬ የለ። የደመወዝ ደብዳቤ አጽፎ ዋስ የሚሆን የመንግሥት ሠራተኛ ፍለጋ የሰፈሩን በር ሁሉ አንኳኩ። ከሰው ፊት ይሻላል እሳት ይባል የለ? አንድ ጎረቤት እሺ ብሎ በማግሥቱ ስልኩን አጠፋ።

ልጁ ገና አልተፈረደበትም። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 20 ላይ ጥፋተኛ አይደለም ይለዋል። እሱ ግን ታስሯል፤ የቀን ገቢውም ቀርቷል። የሚያስፈራኝ ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። አብረውት የታሰሩት «እመንና ተገላገል» ይሉታል። ቀላል ክስ ሲሆን ቀጠሮ መጠበቁ ከቅጣቱ ሊረዝም ይችላላ! ንጹሕ ሰው እንኳ ሒሳቡን አስልቶ ያምናል። ከዚያ በኋላ ሥራ ሲፈልግ «ከወንጀል ነጻ» የሚል ወረቀት ከየት ያመጣል?

የዳኞቹ ጠረጴዛ ላይ ስንት መዝገብ እንደሚከመር አይጠፋኝም። አንድ ጥያቄ መጠየቅ ግን ግማሽ ደቂቃም አይፈጅም።

ቅጣት ከዳኛ ዳኛ እንዳይራራቅ በ2002 የቅጣት አወሳሰን መመሪያ ወጥቶ ነበር። ለዋስትናም ያው ጥንቃቄ ይደረግልን። ዳኛው የተከሳሹን ገቢ ይጠይቅ፤ መልሱንም መዝገብ ላይ ያስፍር፤ ገንዘቡ ከአቅም በላይ ነው የሚል ሰው ይግባኝ ሲል የሚታይ ነገር ይኑር። ክሱ ቀላል ከሆነና አድራሻው ከታወቀ ደግሞ የመታወቂያ ዋስ ለምን አይበቃም?

ምላሽዎን እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የአዲስ አበባ ነዋሪ