ማኅበረሰብ ጤና አስተባባሪነት ተደራቢ ሥራ ሆኖ አይቅር

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎችን ይዤ ገጠር ቀበሌ መውጣት ከጀመርኩ ስምንት ዓመት ሆነኝ። በመዝገብ መምህር ነኝ፤ አስተባባሪነቱ ተደራቢ ሥራ ነው።

ተማሪው «ቲቲፒ» የሚለውን የቡድን ሥልጠና መርሐ ግብር ያውቃል። የጤና መኮንን፣ የነርስ፣ የአዋላጅ፣ የላብራቶሪና የአካባቢ ጤና ተማሪዎች በአንድ ቡድን ሆነው ለሳምንታት ገጠር ይከርማሉ። ከመውጣታቸው አስቀድሞ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የምመላለሰው፣ ማደሪያ የምፈልገው፣ ለመኪናና ለውሎ አበል ደጅ የምጠናው እኔ ነኝ። ቄሱን፣ ሼኩንና የዕድር ዳኛውን ሳላነጋግር ተማሪ ወደ ሰው ቤት አልልክም። ከሁሉ በላይ የምደገፈው ግን በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ የትኛዋ እናት ቤቷ እንደወለደች፣ የትኛው ሕፃን ክትባት እንዳቋረጠ በቃሏ የምታውቀው እሷ ናት። ተማሪዎቹ ቤት ለቤት ዞረው መረጃ ይሰበስባሉ፣ ችግሩን ከነዋሪው ጋር በቅደም ተከተል ያስቀምጣሉ፣ ከዚያ አቅማቸው የፈቀደውን ይሠራሉ።

በአንዱ ቀበሌ አንድ ዓመት የሠራነው ምንጭ ማጎልበት ነበር። ነዋሪው ድንጋይ ተሸክሞ፣ ተማሪው ሲሚንቶ አቡክቶ፣ ከብት እንዳይገባበት አጥር ታጥሮ፣ የውሃ ኮሚቴ ተመረጠ። በማግስቱ ዓመት ኃላፊነቱ ለሌላ መምህር ተሰጠ። የርክክብ ሰነድ የለም፤ የቀበሌው ሰዎች ስልክ ያለው እኔ ኪስ ውስጥ ነው። ተተኪዬ የሚያውቀው ሰው ስለሌለ ተማሪዎቹን ሌላ ቀበሌ መደበ። ሥራው እንደገና ለእኔ ሲመለስ ወደዚያው ሄድኩ። ቧንቧው ተሰብሯል፣ አጥሩ ለማገዶ ሄዷል፣ ኮሚቴው ተበትኗል። አንዲት እናት ደጃቸው ላይ ቆመው «ልጄ፣ ደግሞ ልትቆጥሩን ነው የመጣችሁት?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ተተኪዬን አልወቅስም። ለሁለት ሴሚስተር ከማስተማሩ ጎን የተጫነበትን ሥራ ማን አጥብቆ ይይዘዋል? የመምህር የደረጃ እድገት በዋናነት የሚመዘነው በታተመ ጽሑፍ ነው። ከአንድ ቀበሌ ጋር ለዓመታት የተገነባ መተማመን በየትኛውም መጽሔት አይታተም። ጎበዝ የሆኑ ወጣት ባልደረቦቼ ሥራውን እየወደዱት፣ ገና ሲለምዱት ይለቁታል። እኔም ሁለት ጊዜ ልለቀው አስቤ ነበር።

የአገራችን የጤና ትምህርት ግን አነሳሱ ከቀበሌ ነው። በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ከጨረሰ ብዙም ሳይቆይ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና የንጽሕና ባለሙያው በአንድነት እንዲሠለጥኑ ተደረገ፤ የቆላ ድባ ጤና ጣቢያ የተግባር መማሪያቸው ነበር። በ1975 ዓ.ም. የተመሠረተው የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩትም ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርትን መሠረቱ አደረገ። ዛሬ የማኅበረሰብ አገልግሎት ከማስተማርና ከምርምር እኩል የዩኒቨርሲቲ ተልእኮ ነው እንላለን። ይህን የሚሠራው ሰው ግን የሥራ መደብ የለውም።

የምጠይቀው የራሱ የእድገት መሰላል ያለው ቋሚ መደብ ነው። ወደዚህ ሙያ የሚገባ ሰው ቢያንስ አምስት ዓመት ከተመሳሳይ ቀበሌዎች ጋር ይቆይ። እድገቱ ሲታይ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትና ነዋሪው ይጠየቁ፤ ምንጩ ዛሬም ውሃ ይሰጣል ወይ ተብሎ ይታይ። ሲለቅም በሰነድ ያስረክብ። ለዚህ አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም፤ ትምህርት ሚኒስቴርና ጤና ሚኒስቴር ተቀምጠው ቢነጋገሩበት የሚያልቅ ጉዳይ ነው።

በጥቅምት ተማሪዎቼን ይዤ ወደዚያው ቀበሌ እመለሳለሁ። ወረዳው ሲሚንቶ ሊሰጠን ቃል ገብቷል፣ ነዋሪውም ኮሚቴውን እንደገና መርጧል። አዲሷ ሰብሳቢ በሚቀጥለው ዓመት ማንን እንደምትጠራ ስትጠይቀኝ የምሰጣት ስም ግን የለኝም።

አንድ የማኅበረሰብ ጤና አስተባባሪ