«ማሸጊያው በቂ አልነበረም» የሚባለው ዕቃው ከመሰበሩ በፊት ይሁን

ለ፦ የፖስታና የጥቅል ማጓጓዣ አገልግሎትን ለሚቆጣጠረው መሥሪያ ቤት
ጉዳዩ፦ በመንገድ ላይ የተሰበረ ኮምፒውተርን ይመለከታል

ክቡር ኃላፊ ሆይ፣

ስገለገልበት የነበረውን ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ሌላ ከተማ ለሚኖር ሰው ሸጥኩ። ገዢውን የማውቀው በስልክ ብቻ ነው። አምኖኝ ገንዘቡን አስቀድሞ ከፈለ፤ እኔም አሽጌ ለአንድ አጓጓዥ ድርጅት አስረከብኩ። ዕቃው በደረሰ በሁለተኛው ቀን ፎቶ ላከልኝ። የኬዙ፣ ማለትም የኮምፒውተሩ ሣጥን፣ የጎን መስታወት ደቅቆ እንደ ጨው ተበትኗል። ምስል የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ ክፍሎቹ ሁሉ ከሚሰኩበት ከማዘርቦርዱ ተገንጥሎ ከሥር ተጋድሟል፤ ሲወድቅም የሚሰካበትን ስሎት ነቅሎት ወርዷል። ካርቶኑ ግን አንዱ ማዕዘኑ ገባ ከማለቱ በቀር ደህና ነበር። ገዢው ሳይጠራጠር ፈርሞ የተቀበለውም ለዚሁ ነው።

ገንዘቡን ወዲያው መለስኩለት። ሕግ የሚያውቅ ወዳጄ «ምን አስቸኮለህ?» ብሎኝ ነበር። ስለ ዓለም አቀፍ የዕቃ ሽያጭ በወጣው እ.ኤ.አ. የ1980 የቪየና ስምምነት፣ በመርሕ ደረጃ፣ ዕቃው ለመጀመሪያው አጓጓዥ ከተሰጠ በኋላ አደጋው ወደ ገዢው ይዞራል። ያ ግን የነጋዴዎች ሕግ ነው፤ ስምምነቱ ራሱ ለግል መገልገያ የተገዛን ዕቃ ከውስጡ አውጥቶታል። ደግሞስ ሰውየው የከፈለው ለሚሠራ ኮምፒውተር እንጂ ለመስታወት ስብርባሪ አይደለም። በእኔና በእሱ መካከል ክርክር የለም። ክርክሬ ከአጓጓዡ ጋር ነው፤ አቤቱታዬ ደግሞ ለእርስዎ።

ዕቃውን ሳስረክብ የመስኮቱ ሠራተኛ ካርቶኑን መዘነ፦ 14 ኪሎ። ዋጋውን ካላስመዘገብኩ ካሳው የሚሰላው በኪሎ እንደሆነ ነገረኝ። ይህ የእነሱ ፈጠራ አይደለም። ድንበር ተሻጋሪ የአየር ጭነትን የሚገዛው እ.ኤ.አ. የ1999 የሞንትሪያል ስምምነት የካሳውን ጣሪያ የሚወስነው በኪሎ ነው፤ ከዲሴምበር 2024 መጨረሻ ጀምሮ ለአንድ ኪሎ 26 ኤስዲአር ነው፤ ኤስዲአር የዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ ነው። በመኪና ከአገር አገር ለሚሄድ ጭነት የወጣው እ.ኤ.አ. የ1956ቱ ስምምነት ደግሞ ከነማሻሻያው 8.33 ኤስዲአር ይላል። በዚህ ስሌት የእኔ 14 ኪሎ ኮምፒውተርና 14 ኪሎ ምስማር አንድ ናቸው። ይህ ስላልተዋጠልኝ ዋጋውን አስመዝግቤ ተጨማሪ ክፍያ ከፈልኩ። ደረሰኙ እጄ ላይ አለ።

ካሳ ስጠይቅ ከሦስት ሳምንት በኋላ የመጣልኝ መልስ አንድ መስመር ነው፦ ማሸጊያው በቂ አልነበረም።

ጥፋቴን አልደብቅም። አሁን የማውቀውን ያኔ ባውቅ ኖሮ ካርዱን ነቅዬ ለብቻው እልከው ነበር። የዛሬዎቹ ትልልቅ ግራፊክስ ካርዶች ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናሉ፤ ከሁለት ኪሎ የሚያልፉም አሉ። ይህን ሁሉ ክብደት የሚሸከሙት አንድ ቀጭን ስሎትና ከኋላ በኩል የሚታሰሩ ጥቂት ብሎኖች ናቸው። ካርቶኑ ሲወድቅ ኬዙ ይቆማል፣ ካርዱ ግን መሄዱን አያቆምም፤ ስሎቱን እንደ ዶማ ይገነድሰዋል። ረጅሙ የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣም እንዲሁ ነው። ወይ መንቀል ነው፣ ወይ የኬዙን ውስጥ በሚነፋ ፎም ሞልቶ እንዳይነቃነቅ ማድረግ። መስታወቱ መፈታት ነበረበት። ካርቶኑም ሁለት፣ አንዱ በሌላው ውስጥ፣ በመካከላቸው ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ፎም ያለው ቢሆን ይሻል ነበር። የእኔ ካርቶን አንድ ነበር፤ ዙሪያውን ፎም ነበረው፣ የኬዙ ውስጥ ግን ባዶ። የሚገርመው፣ በጣም የፈራሁለት ሃርድ ዲስክ ምንም አልሆነም፤ ኮምፒውተሩ ሲጠፋ የማንበቢያ ክንዱ ወደ ማረፊያው ስለሚመለስ ድንጋጤውን ችሎታል።

ይህን ሁሉ የተማርኩት ከተሰበረ በኋላ ነው። አጓጓዡ ግን ከመሰበሩም በፊት ያውቀዋል። ዓለም አቀፉ የአስተማማኝ ማጓጓዣ ማኅበር ባወጣው የመጀመሪያ ደረጃ ሙከራ ከ10 እስከ 19 ኪሎ የሚመዝን ጥቅል ከ61 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አሥር ጊዜ ይጣላል፦ በአንድ ማዕዘኑ፣ በሦስት ጠርዞቹና በስድስቱም ገጾቹ። ጥቅል መውደቁ አደጋ ሳይሆን የሥራው ጠባይ ነው ማለት ነው። እኔ ደግሞ በየዋህነቴ በአራቱም ጎን በቀይ «ተሰባሪ ነው» ብዬ ጽፌበታለሁ። የመለያ ማሽኑ ቀበቶ ማንበብ አይችልም።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ያ ሠራተኛ ካርቶኑን ሲመዝን፣ ተጨማሪውን ክፍያ ሲቀበል፣ ውስጡ እንዴት እንደታሸገ አንዲት ቃል አልጠየቀኝም። ሲቀበሉ ያልጠየቁትን ሲሰበር እንዴት ይጠይቁኛል? መጠየቅ ስለማይችሉ እንዳይመስልዎ። እዚያው ቆሜ ሳለሁ ላፕቶፕ ይዞ የመጣን ሌላ ደንበኛ ባትሪው ውስጥ ነው ወይስ ለብቻው፣ አብጧል ወይስ ደህና ነው ብለው ጠይቀውታል። በዕቃው ውስጥ ያለ የሊትየም-አዮን ባትሪ በተባበሩት መንግሥታት ቁጥር 3481 የሚታወቅ አደገኛ ጭነት ነውና፣ ደንቡ ያስገድዳቸዋል። ለባትሪው የሚጠየቀው ለካርዱ የማይጠየቀው ካርዱ ሲሰበር የሚከስረው ላኪው ብቻ ስለሆነ ነው።

መሥሪያ ቤትዎ ይህን መለወጥ ይችላል፤ ሐሳቡም እንግዳ አይደለም። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የ1956ቱ የመንገድ ጭነት ስምምነት አጓጓዡ ዕቃውን ሲረከብ የዕቃውንና የማሸጊያውን የሚታይ ሁኔታ እንዲመረምር ያዝዛል፤ በጭነት ሰነዱ ላይ ቅሬታ ካላስመዘገበ ተቃራኒው እስኪረጋገጥ ድረስ ማሸጊያው ደህና ሆኖ ይታይ እንደነበር ይቆጠራል። ይህን መርሕ ወደ ጥቅል መላኪያ መስኮት አምጡልን። ዋጋው የተመዘገበ ኮምፒውተር ሲመጣ ሠራተኛው ካርቶኑ ሳይዘጋ ይየው። ካልበቃ «አይበቃም» ብሎ ይመልሰው፤ ከበቃ ፈርሞ ይረከብ። ለምርመራው ክፍያ ቢጠየቅ እኔ በደስታ እከፍላለሁ። ሳያይ ከተቀበለ ግን በኋላ የማሸጊያን ነገር ማንሳት አይፈቀድለት። የማሸጊያው መመሪያም ቢሆን በውሉ ጀርባ በደቃቅ ፊደል ሳይሆን መስኮቱ ላይ ተለጥፎ ይታይ።

የጊዜውም ነገር አለ። የፈረምኩት ውል ከውጭ የማይታይ ጉዳት በ48 ሰዓት ውስጥ ካልተገለጸ አቤቱታ አልቀበልም ይላል። ገዢዬ በሁለተኛው ቀን ባይከፍተው ኖሮ ይህን ደብዳቤም አልጽፍም ነበር። የሞንትሪያል ስምምነት ለተጎዳ ጭነት የሚሰጠው 14 ቀን ነው። ኮምፒውተር ደግሞ ከፍቶ በማየት ብቻ አይታወቅም፤ ተሰክቶ፣ ተነሥቶ፣ ጥቂት ሠርቶ ነው።

ዕቃው ለምርመራ ይመለስ ስለተባለ ገዢው መልሶ አሽጎ ለአጓጓዡ አስረክቧል። ባለፈው ሳምንት መጋዘኑ ድረስ ሄጄ አየሁት። ገዢው የለጠፈው ፕላስተር ሳይነካ እንዳለ ነው፤ «በቂ አልነበረም» የተባለውን ማሸጊያ እስካሁን የከፈተው የለም። ከአጓጓዡም ከእኔም ያልሆነ አንድ ባለሙያ ልከው፣ ሁላችንም ባለንበት እንዲከፈት ያዝዙልኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
ኮምፒውተሩን የሸጥኩት