ለኮዬ ፈጬ ጎረቤቶቻችንና እህቴን ላተረፋችሁልን ሁሉ

ሰላም ጎረቤቶች፣ እህቴ ከአይሲዩ (ከጽኑ ህሙማን ክፍል) ወጥታ ይኸው ቤቷ ገብታለች፣ ተመስገን። በየቤታችሁ ዞሬ ላመሰግናችሁ አስቤ ነበር ግን ኮንዶሚኒየሙን ታውቁታላችሁ፣ ደረጃው ብቻ ይበቃል፣ ስለዚህ እዚሁ ልጻፈው።

ምን ሆና ነው ለምትሉኝ፣ ሉፐስ አለባት፣ የሰውነት መከላከያ ራሱ ዞሮ ሰውነትን የሚያጠቃበት በሽታ ነው፣ አይተላለፍም (ኩባያዋን የምትለዩ ሰዎች እባካችሁ)። የአሁኑ ግን ከለመድነው የመገጣጠሚያ ህመም ሌላ ነው። ትኩሳቱ አልበርድ አለ፣ አንቲባዮቲክ ቢቀየርም ያው፣ መጀመሪያ የሄድንበት ክሊኒክ ታይፎይድ ነው አለን፣ እኛ አገር መቼም ትኩሳት ሁሉ ታይፎይድ ነው።

ዶክተርዬ፣ አንቺ ሬዚደንቷ፣ ሳላስፈቅድሽ ስምሽን አልጠራም፣ ግን እድሜ ይስጥልን። ነጩም ቀዩም የደም ሴል፣ ደም የሚያረጋው ፕላትሌቱም አንድ ላይ ሲወርድ፣ እሷ እየባሰባት ኢኤስአሩ (የሰውነት ብግነት ሲኖር ከፍ የሚለው የደም ምርመራ) ጭራሽ ሲቀንስ ይሄ ነገር ኢንፌክሽን ብቻ አይደለም ብለሽ ፌሪቲን የሚባል የደም ምርመራ አሰራሽ፣ ከ10,000 በላይ ሆኖ መጣ፣ እጅግ ከፍተኛ ነው። ከመቅኔዋ ናሙና ተወስዶ ሲታይ ጀርም መብላት የነበረባቸው ማክሮፌጅ የሚባሉት ሴሎች የራሷን የደም ሴሎች እየበሉ ነበር። ማክሮፌጅ አክቲቬሽን ሲንድረም ይባላል፣ ቶሎ ካልተደረሰበት ይገድላል። ስቴሮይድ በከፍተኛ ዶዝ በደም ስሯ ሰጣችኋት፣ መከላከያን የሚያበርደውን ሳይክሎስፖሪን ጨመራችሁ፣ የተደበቀ ቲቢ እንዳይቀሰቀስ ደግሞ ምርመራውን አላቆማችሁም።

የብሎካችን ልጆች! ፕላትሌት ከተለገሰ በኋላ ብዙ ቀን አይቀመጥም፣ ለዛ ነው በየጊዜው የደወልንላችሁ፣ በዛ ጭቃ ከኮዬ ተነስታችሁ ስታዲየም ደም ባንክ ድረስ ተራ ገብታችሁ የሄዳችሁት፣ ውለታችሁን እንዴት እንደምንከፍል እንጃ። በሌሊት ሚኒባስህን አስነስተህ የወሰድከን ወንድማችን፣ ለነዳጅ እንኳን አልቀበልም ያልከን፣ እናትህ ትባረክ።

እድራችን ደግሞ ደንቡ ለቀብር እንጂ ለታማሚ አያወጣም፣ ሰብሳቢያችን ግን ተነስተው "ለለቅሶዋ ድንኳን ከምንተክል ለመድኃኒቷ እናውጣ" አሉ፣ ማንም አልተቃወመም። አባቴ፣ እግዜር ያክብርልኝ።

አሁን መድኃኒቱ መከላከያዋን ስላወረደው ጉንፋን የያዛችሁ ለጊዜው በስልክ ጠይቋት፣ ምግብ የምታመጡ እናቶች ጨው ቀንሱላት። አጥሚት ያመጣችሁበት ፔርሙዝም እኛ ጋር ተከማችቷል፣ የማን የማን እንደሆነ ተምታቶብናል፣ እየመጣችሁ ለይታችሁ ውሰዱ።